ሻወሩ ያፈሳል፤ ግን ከየት? በአንድ ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ላይ የተደረገ ምርመራና ጥገና

ይህ የጉዳይ ጥናት በአዲስ አበባ ከሚገኙት የኮንዶሚኒየም ሕንፃዎች በአንዱ፣ በሦስተኛ ፎቅ ላይ ያለ ሴራሚክ የለበሰ ሻወር ወደ ሁለተኛው ፎቅ ውሃ ሲያፈስ ምክንያቱ እንዴት እንደተገኘና እንዴት እንደተጠገነ ያስረዳል። ሕንፃው ከምድር ቤቱ በላይ አራት ፎቅ ያለው፣ ሶሌታው በአርማታ፣ ግድግዳው በብሎኬት የተሠራ የተለመደ ዓይነት ነው። ጉዳዩን የተረከብኩት በነዋሪዎች ማኅበር ኮሚቴ ጥያቄ ሲሆን፣ በዚያን ጊዜ በላይኛውና በታችኛው ቤት መካከል የተነሣው ጭቅጭቅ ከውሃው አልፎ ሰላምታ እስከ ማቋረጥ አድርሷቸው ነበር።

አቤቱታውን ያቀረቡት የሁለተኛው ፎቅ ነዋሪ በዕድሜ የገፉ እናት ናቸው። ከመኝታ ቤታቸው ወደ መታጠቢያ ቤቱ በሚወስደው ጠባብ መተላለፊያ ጣሪያ ላይ ዳር ዳሩ ቡናማ፣ መሐሉ ነጣ ያለ ሰፊ የእርጥበት ክብ ይታያል፤ ልስኑ አብጦ በጣት ሲነካ ይረግፋል፤ ከክቡ ጠርዝ አጠገብ ካለው የአምፖል ማቀፊያም አልፎ አልፎ ጠብታ ይወርዳል። ከምርመራው ሁሉ በፊት የተደረገው ነገር የዚያን መብራት መስመር ከማብሪያ ማጥፊያው ሳይሆን ከብሬከሩ ማጥፋትና ማንም እንዳይመልሰው በላዩ ላይ ወረቀት መለጠፍ ነበር። ውሃ በመብራት ቀዳዳ በሚወርድበት ቤት ውስጥ ቆሞ ስለ ሴራሚክ መከራከር ቅደም ተከተል ማዛባት ነው።

የእርጥበቱ ክብ ያለበት ቦታ ራሱ ለክርክሩ መነሻ ሆኖ ቆይቷል። ክቡ ከላይኛው ሻወር ትክክለኛ ሥር ሳይሆን ከአንድ ሜትር በላይ ራቅ ብሎ ስለሚገኝ፣ የላይኛው ቤት አባወራ ውሃው ከእሳቸው ሻወር ሊመጣ እንደማይችል ይህን እንደ ማስረጃ ያቀርቡ ነበር። በክቡ ላይ የሚታየው ነጭ ዱቄት ግን ሌላ ነገር ይናገራል። ውሃ በሲሚንቶ ውጤቶች ውስጥ ቀስ ብሎ ሲያልፍ በውስጡ ያለውን ኖራ ያሟሟል፤ ከዚያም ወደ አየር ሲወጣ ኖራው ከካርቦን ዳይኦክሳይድ ጋር ተዋሕዶ ካልሲየም ካርቦኔት ይሆንና እንደ ዱቄት ይቀራል። ስለዚህ ይህ አንድ ቀን ባልዲ ተደፍቶ የመጣ ውሃ አይደለም፤ ለረዥም ጊዜ በአርማታና ከሴራሚኩ ሥር ባለው የሲሚንቶ ንጣፍ (ሊሾ) ውስጥ ሲመላለስ የኖረ ውሃ ነው።

ከዚያ በፊት የተሞከሩት መፍትሔዎችም መመዝገብ ነበረባቸው። አባወራው በሴራሚኮቹ መካከል ያለውን ቦያካ አስፍቀው በአዲስ አስሞልተዋል፤ ይህ ለጥቂት ሳምንታት ያቆመው መስሎ ሲመለስ ደግሞ ወለሉና ግድግዳው በሚገናኙባቸው ማዕዘኖች ዙሪያ ነጭ ሲሊኮን አስቀብተዋል። ሁለቱም ሥራዎች ስሕተት ናቸው ባይባልም የተሠሩት ችግሩ የት እንዳለ ሳይታወቅ ነው። ሴራሚክ ራሱ ውሃ የማያሳልፍ ቢሆንም በመካከሉ የሚሞላው ሲሚንቶ አዘል ቦያካ ውሃ ይመጥጣል፤ በጥሩ ሁኔታ የተሠራ ሻወር ውሃ የሚያግደው ከሴራሚኩ ሥር ባለው የውሃ መከላከያ ሽፋን እንጂ በሴራሚኩ አይደለም። ይህ ነገር በአገራችን ግንባታ ውስጥ በሚገባ አልተለመደም፤ ገንዘቡ የሚወጣው ለሚታየው ነው።

በመጨረሻ የተጠራው የቧንቧ ባለሙያ በግድግዳው ውስጥ ያለው የውሃ መስመር እንደፈነዳ ገልጾ ግድግዳው ቀዝቃዛና ሙቅ ውሃ ከሚቀላቅለው የሻወር ቧንቧ (ሚክሰሩ) ጀምሮ እስከ ዋናው መስመር ድረስ እንዲፈረስ ሐሳብ አቀረበ። ምክንያቱም ጠብታው የሚታየው የፈረቃ ውሃ በሚመጣባቸው ቀናት መሆኑ ነው። እናትየውም በዚህ ተስማምተው ነበር። «ልጄ፣ ውሃ በመጣ ቁጥር እኔ ቤት ዝናብ ነው፤ ቧንቧው ካልሆነ ታዲያ ምንድን ነው?» አሉኝ። አባወራው በበኩላቸው፣ «እማማ፣ ሁለቴ አሠርቻለሁ፤ አሁን ደግሞ ግድግዳ ላፍርስ?» ብለው ነገሩ በዚያው ቆመ።

ክርክሩ ሊፈታ ያልቻለው የፈረቃ ቀን ሁለት ነገሮችን በአንድ ላይ ስለሚያመጣ ነው። ቤቱ የራሱ ሮቶ ስለሌለው ቧንቧው ውስጥ ግፊት የሚኖረው ውሃ ሲመጣ ብቻ ነው፤ ቤተሰቡ በሙሉ ገላውን የሚታጠበው፣ የሳምንቱ ልብስም በሻወሩ ወለል ላይ በሳፋ የሚታጠበው በዚያው ቀን ነው። ስለዚህ «ውሃ ሲመጣ ያፈሳል» የሚለው አባባል ስለ ቧንቧውም ስለ ሻወሩ ወለልም እኩል እውነት ነው፤ አንዱን ከሌላው አይለይም። ውሃ ያለማቋረጥ በሚፈስበት ከተማ የተጻፉ የጥገና መመሪያዎች ቧንቧ ሲሆን ጠብታው ሌት ተቀን ይቀጥላል፣ ሻወር ሲሆን ግን ከመታጠብ በኋላ ብቻ ይመጣል ይላሉ፤ ይህ መለያ ለእኛ ፈረቃ አይሠራም።

ምርመራው

አንድ ሻወር በውኑ ሦስት የተለያዩ የውሃ ሥርዓቶች አሉት። የመጀመሪያው በግፊት የሚመጣው የቀዝቃዛና የሙቅ ውሃ መስመር ነው፤ ሁለተኛው ውሃው ከገባ በኋላ የሚወስደው የፍሳሽ ቱቦና ሲፎን (ሽታ እንዳይመለስ ውሃ የሚይዘው የቱቦው መታጠፊያ) ነው፤ ሦስተኛው ውሃውን በመካከል የሚይዘው የወለሉና የግድግዳው ልባስ ነው። ምርመራው ውጤት የሚሰጠው አንዱን እያረጠቡ ሌሎቹን ሁለቱን ደረቅ በማድረግ ነው፤ ሻወሩን ከፍቶ ታች ወርዶ መመልከት ሦስቱንም በአንድ ጊዜ ስለሚያረጥብ የሚነግረን አዲስ ነገር የለም።

ስለዚህ መሣሪያ ሳይወጣ በፊት ቤተሰቡን አንድ ነገር ጠየቅን። በሚቀጥለው የፈረቃ ቀን ውሃው እንደወትሮው ይምጣ፣ ቧንቧዎቹም ግፊት ይኑራቸው፣ በርሜሉና ጀሪካኑም ከወጥ ቤት ይሞላ፤ ነገር ግን ሻወሩ ውስጥ አንድም ጠብታ አይፍሰስ። እናትየው ጣሪያቸውን እንዲከታተሉ፣ የእርጥበቱን ጠርዝም በእርሳስ አስምረን ቀኑን ጻፍንበት። ውሃው መጣ፣ ሄደ፣ ከእርሳሱ መስመር ያለፈ እርጥበትም ሆነ ጠብታ አልታየም። ከዚያም ተቃራኒው ተደረገ፤ ቧንቧው ባዶ በሆነበት ቀን ከበርሜል የተቀዳ ውሃ በባልዲ እየተወሰደ በሻወሩ ወለል ላይ በዝግታ ፈሰሰ። ጠብታው ከሰዓታት በኋላ በዚያው የአምፖል ማቀፊያ ላይ ታየ። ይህ አንድ ሳንቲም ያልወጣበት ሙከራ ግድግዳ ከማፍረስ አዳነን፤ በእኔ አስተያየትም ከጠቅላላው ምርመራ ዋጋ ያለው ክፍል ይህ ነው።

ያም ሆኖ ኮሚቴው ነገሩ በጽሑፍ እንዲረጋገጥ ስለፈለገ የቧንቧው መስመር በግፊት ተፈተነ። ቦይለሩ ተለይቶ ቀዝቃዛውና ሙቁ መስመር ለየብቻ ተዘጉ፤ በእጅ የሚሠራ የመሞከሪያ ፓምፕ ተገጥሞ ግፊቱ ወደ 6 ባር ከፍ አለ፤ ይህም 60 ሜትር ገደማ ከፍታ ያለው የውሃ ዓምድ ከሚፈጥረው ጋር የሚመጣጠን ነው። እዚህ ላይ መታወቅ ያለበት የፒፒአር ቱቦ ፕላስቲክ በመሆኑ ግፊት ሲሞላበት በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ጥቂት ይለጠጣል፤ የመለኪያው ቀስትም ቧንቧው የሚያፈስ ይመስል ዝቅ ይላል። እንደገና ተሞልቶ ሲረጋ ግን ቀስቱ ለአንድ ሰዓት ከቦታው አልተነቃነቀም። ከሚክሰሩ ወደ ላይኛው የሻወር ራስ የሚወጣውና በግድግዳ ውስጥ የተቀበረው ቱቦ ለብቻው መፈተን አለበት፤ ሚክሰሩ ካልተከፈተ ውሃ ስለማይደርሰው በተለመደው ፍተሻ ይዘለላል። የሻወሩ ራስ ተነቅሎ ጫፉ ተደፈነ፣ ሚክሰሩም ተከፍቶ ፍተሻው ተደገመ፤ ይህኛውም ደህና ሆኖ ተገኘ።

የፍሳሽ ቱቦው ፍተሻ ቀላል ነበር። ውሃው የወለሉን ሴራሚክ ሳይነካ በቀጥታ ወደ ፍሳሽ መውረጃው እንዲገባ ቀጭን ቱቦ ወደ ውስጥ ተከትቶ በባልዲ ተሞላ፤ ታች በእናትየው መታጠቢያ ቤት ኮርኒስ ሥር የሚታየው ሲፎን በየመገጣጠሚያው በሶፍት ተጠቀለለ። ሶፍቱ ደረቅ ሆኖ ቀረ።

የቀረው ሦስተኛው ነው፤ ነገር ግን «ወለሉ ያፈሳል» ማለትም በቂ አይደለም፤ ምክንያቱም ውሃ በፍሳሽ መውረጃው ዙሪያ፣ በማዕዘን፣ በደፉ (ውሃ ወደ ውጭ እንዳይወጣ በሻወሩ መግቢያ ላይ ከፍ ብሎ በተሠራው ጠርዝ) ሥር ወይም በግድግዳው በኩል ሊገባ ይችላል፤ የጥገናው ስፋትም በዚህ ይወሰናል። ሕፃናት ከሚጫወቱበት ለስላሳ ሸክላ በፍሳሽ መውረጃው ዙሪያ ዝቅተኛ ክብ ግድብ ተሠርቶ፣ መውረጃው በጎማ ተደፍኖ፣ በግድቡ ውስጥ ብቻ ውሃ ተሞላና አደረ። ከጎኑ በተመሳሳይ ጥልቀት ውሃ የተሞላ ሳህን ተቀመጠ። የሳህኑ ጥቅም ቀላል ቢሆንም ብዙ ጊዜ ይረሳል፤ ውሃ በራሱ ወደ አየር ስለሚተን ሳህኑ ውስጥ የቀነሰው ያህል ቢቀንስ መፍሰስ አይባልም። በጠዋት ሁለቱ እኩል ነበሩ። የፍሳሽ መውረጃው ዙሪያ ነፃ ወጣ።

ቀጥሎ ግድቡ ተነሥቶ ወለሉ በሙሉ ከደፉ በታች እስኪደርስ በቀይ የምግብ ቀለም የተበጠበጠ ውሃ ተሞላ። ሻወሩ 90 በ90 ሳንቲ ሜትር ስለሆነ እያንዳንዱ ሚሊ ሜትር ጥልቀት 0.81 ሊትር ውሃ ነው። በነጋታው በግድግዳው ላይ ከተሰመረው ምልክት ውሃው 11 ሚሊ ሜትር ወርዶ ተገኘ፤ ሳህኑ 1 ሚሊ ሜትር ብቻ ነበር የቀነሰው። ልዩነቱ 10 ሚሊ ሜትር፣ ማለትም 8 ሊትር ያህል ውሃ ወደ ውስጥ ሄዷል። ታች ግን የወረደው ውሃ በመጀመሪያ ቀለም አልነበረውም፤ አባወራውም «ይኸው፣ የእኔ ውሃ አይደለም» ብለው ተስፋ አድርገው ነበር። ከሴራሚኩ ሥር ያለው የአሸዋና የሲሚንቶ ሊሾ እንደ ስፖንጅ ውሃ ይይዛል፤ 5 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ሊሾ ባዶ ክፍተቱ ከይዘቱ 15 በመቶ ብቻ ቢሆን እንኳ በዚህ ስፋት ላይ 6 ሊትር ያህል ይቀበላል። አዲሱ ውሃ ሲገባ ቀድሞ የተጠራቀመውን አሮጌ ውሃ ገፍቶ ያስወጣል፤ ቀለም ያለው ዘግይቶ ይደርሳል። ቆይቶ ከአምፖሉ ማቀፊያ ላይ በነጭ ሶፍት የተቀበልነው ጠብታ ደብዘዝ ያለ ሮዝ ነበር። እናትየው ሶፍቱን አጣጥፈው አስቀመጡት።

የመጨረሻው ጥያቄ የትኛው ማዕዘን ነው የሚለው ነበር። ወለሉ ከደረቀ በኋላ በግድግዳዎቹ ሥር በዚያው ሸክላ ለየብቻ የተከለሉ ጠባብ ገንዳዎች ተሠሩ፤ ውሃው የጎደለው ሚክሰሩ ካለበት ግድግዳ ሥር ባለው ገንዳ ውስጥ ነው። ውሃ ልክ ሲቀመጥበት ደግሞ ወለሉ በዚያ በኩል ወደ ፍሳሽ መውረጃው ሳይሆን ወደ ግድግዳው 4 ሚሊ ሜትር ያህል ያዘነብላል። ከታጠቡ በኋላ ውሃው በየቀኑ እዚያ ተኝቶ ይውል ነበር ማለት ነው። ግድግዳዎቹም ማዕዘኖቹ በፕላስቲክ ተሸፍነው፣ ፍሳሹ ተከፍቶ በእጅ ሻወር ለረዥም ጊዜ ተረጩ፤ ታች የታየ ለውጥ የለም።

ሲከፈት የታየው

በሚክሰሩ ግድግዳ ሥር ያሉት ሴራሚኮች በመሮና በቀላል መዶሻ ተነሡ። ብዙዎቹ በሙሉ ገጻቸው ሳይሆን በአራቱ ማዕዘንና በመሐል በተጣለ ጉብታ ሲሚንቶ ብቻ የተያዙ ነበሩ፤ በጉብታዎቹ መካከል ያለው ባዶ ቦታ በጥቁር ቆሻሻ ውሃ ተሞልቷል። ሲሊኮኑ በላይ በኩል የተያዘ ይመስል እንጂ ሲጎተት ከጫፍ እስከ ጫፍ እንደ ክር ተላቀቀ፤ የተቀባው በእርጥብና የሳሙና ዝቃጭ ባለበት ቦያካ ላይ ነበርና።

ከሊሾው ሥር ያልጠበቅነው ነገር ተገኘ። የመጀመሪያው ግንበኛ በሶሌታው ላይ ሬንጅ ቀብቶ ነበር። ይህ ሐሳብ መልካም ነው፤ ሬንጁ ግን በወለሉ ላይ ብቻ ተቀብቶ ግድግዳው ሥር ሲደርስ በዚያው ቆሟል፤ አንድ ሳንቲ ሜትር እንኳ ወደ ላይ አልወጣም። በዚህ የተነሣ በሊሾው ውስጥ የሰረገው ውሃ ሬንጁን ማለፍ ሲያቅተው በላዩ ላይ እየተንሸራተተ ወደ ጠርዙ ይሄዳል፤ በጠርዙ ላይም አርማታውና ብሎኬቱ በተገናኙበት፣ የሁለቱ ቁሶች እንቅስቃሴ የተለያየ በመሆኑ በተሰነጠቀው ጠባብ መስመር ውስጥ ይገባል። ወለሉ ወደ ግድግዳው ማዘንበሉ ሥራውን አፋጠነለት።

ውሃው አንድ ሜትር ርቆ የሚወርድበት ምክንያትም በዚያው ተፈታ። በስንጥቁ የገባው ውሃ በሶሌታው ውስጥ ተቀብሮ ለታችኛው ቤት መብራት የሚያገለግለውን የኤሌክትሪክ ገመድ ማሳለፊያ ቱቦ አግኝቷል፤ ከዚያ በኋላ በቱቦው እየሄደ የሚወጣው ቱቦው በሚያበቃበት፣ ማለትም በአምፖሉ ማቀፊያ በኩል ነው። በጣሪያ ላይ የሚታይ የእርጥበት ክብ ውሃው የወጣበትን እንጂ የገባበትን ቦታ አያሳይም።

ምን ያህል ይፈርስ?

አባወራው የተነሡት ሴራሚኮች ብቻ ተተክተው ማዕዘኑ እንዲጠገን ፈለጉ፤ የወጪውን ነገር ስናይ ፍላጎታቸው የሚያስገርም አይደለም። እኔ ግን አልተስማማሁም። ሲሚንቶ አዘል የውሃ መከላከያ በሬንጅ ላይ አይያዝም፤ ስለዚህ አዲሱን ሽፋን ከአሮጌው ጋር ቀጥሎ መጨረስ አይቻልም። የውሃ መከላከያ ደግሞ ከጫፍ እስከ ጫፍ ያልተቋረጠ ካልሆነ ዋጋ የለውም፤ ይህ ሬንጅ ራሱ የሰው ልጅ በሙሉ ወለል ላይ ደክሞ በመጨረሻው ሳንቲ ሜትር ላይ ሲተው ምን እንደሚሆን አሳይቷል። ስለዚህ ወለሉ በሙሉ እስከ ሶሌታው፣ የሚክሰሩ ግድግዳ እስከ 2 ሜትር ከፍታ፣ በሌሎቹ ሁለት ግድግዳዎች ላይ ደግሞ የታችኞቹ ሁለት ረድፎች እንዲነሡ ተስማማን። ከዚያ በላይ ያሉት ሴራሚኮች በመዶሻ እጀታ ሲመቱ ባዶ ድምፅ ስላልሰጡና በርጭት ፍተሻውም ስላላፈሰሱ እንዲቆዩ ተደረገ። ይህ የተሟላ መፍትሔ አይደለም፤ በበጀት ምክንያት የተደረገ ስምምነት ነው፤ በሪፖርቱም ላይ እንደዚያው ተጽፏል።

ጥገናው

የማፍረሱ ሥራ የተሠራው በእጅ ነው። ኃይለኛ የኤሌክትሪክ መፈንቀያ ጊዜ ቢቆጥብም በቀጭን ሶሌታና በተቀበሩ ቱቦዎች ላይ የሚያደርሰው ንዝረት አዲስ ስንጥቅ ይፈጥራል። ፍራሽ ወደ ሲፎኑ እንዳይገባ የፍሳሽ መውረጃው በጨርቅ ተደፈነ። ሬንጁ በመፋቂያና በሽቦ ብሩሽ እስኪነጣ ድረስ ተነሣ፤ ከሥራው ሁሉ አሰልቺውና ሠራተኞቹ ሊዘሉት የሚፈልጉት ይህ ስለነበር ቆሜ አስጨረስኩት።

ከዚያ መጠበቅ ነበር። ሶሌታው በቂ መድረቁን ለማወቅ አንድ ቁራጭ ፕላስቲክ ወለሉ ላይ ተዘርግቶ ዙሪያው በፕላስተር ተለጥፎ አደረ፤ በጠዋት ከሥሩ ላብ ቢገኝበት ገና ነው። ሲሚንቶ አዘል መከላከያዎች ጥቂት እርጥበት ቢታገሡም ውሃ ከሥር በሚገፋበት ወለል ላይ ግን አረፋ እየሠሩ ይነሣሉ። ፕላስቲኩ ያለ ላብ ሲነሣ ሥራው ቀጠለ።

በግድግዳው ሥር ያለው ስንጥቅ ተከፍቶ፣ ተጠርጎ፣ በማይኮማተር የጥገና ሞርታር ተሞላ፤ ማዕዘኑም ቀጥ ብሎ እንዳይሰበር በዚያው ሞርታር ክብ እንዲሆን ተደረገ። ቀጥ ያለ ማዕዘን ላይ የሚቀባ ሽፋን በመታጠፊያው ላይ ይሳሳል፤ መጀመሪያ የሚቀደደውም እዚያ ነው። የቀድሞው የፍሳሽ መውረጃ በፍተሻው ባያፈስም መከላከያው የሚያርፍበት ከንፈር ስላልነበረው ሰፊ ከንፈር ባለው ተተካ። አዲሱ ሊሾ ከየግድግዳው ወደ መውረጃው 2 በመቶ ተዳፋት ተሰጠው፤ መውረጃው መሐል ላይ ስለሆነ ከግድግዳው እስከ እሱ ያለው ርቀት 45 ሳንቲ ሜትር፣ ልዩነቱም 9 ሚሊ ሜትር ነው። ዘጠኝ ሚሊ ሜትር በዓይን አይያዝም፤ ሠራተኛው «ይፈሳል፣ አይቸገሩ» ሲል ውሃ ልኩን አስቀምጦ ማየት ያስፈልጋል።

የውሃ መከላከያው ከዱቄትና ከፈሳሽ የሚቀላቀል ተለጣጭ ዓይነት ነው። ሊሾው ከጠነከረ በኋላ ማዕዘኖቹና የመውረጃው ዙሪያ አስቀድመው ተቀብተው የፋይበር መረብ ተቀበረባቸው፤ ከዚያም በሙሉ ወለሉ፣ በግድግዳዎቹ ሥርና በሚክሰሩ ግድግዳ ላይ ሁለት ድርብ ተቀባ፤ የሁለተኛው የብሩሽ አቅጣጫ የመጀመሪያውን የሚያቋርጥ ሆኖ ጠቅላላ ውፍረቱ 2 ሚሊ ሜትር ያህል ደረሰ። ሽፋኑ ደፉን ተሻግሮ ወደ ውጭ ወርዷል፤ የሚክሰሩ ቱቦዎች ከግድግዳ በሚወጡበት ዙሪያም በተለየ ጥንቃቄ ተሠርቷል። የሁለቱ ድርቦች ቀለም የተለያየ እንዲሆን ከሁለተኛው ላይ ጥቂት ማቅለሚያ ተጨምሮ ነበር፤ እንዲህ ሲሆን የተዘለለ ቦታ ወዲያው ይታያል።

ሽፋኑ በአምራቹ የተጻፈውን ጊዜ ጠብቆ ሲደርቅ፣ ሴራሚክ ከመነጠፉ በፊት መውረጃው እንደገና ተደፍኖ ውሃ ለ24 ሰዓት ተሞላ፤ ሳህኑም ከጎኑ ተቀመጠ። ሴራሚክ ከተነጠፈ በኋላ የሚገኝ ስሕተት እንደገና ማፍረስ ማለት ስለሆነ ይህ ፍተሻ ሊታለፍ አይገባም። ሁለቱ ወገኖችና የኮሚቴው ተወካይ ምልክቱን አብረው አይተው፣ ሳህኑና ሻወሩ እኩል መቀነሳቸውን በወረቀት ላይ ፈረሙ።

ሴራሚኩ በጉብታ ሲሚንቶ ሳይሆን ጠርዙ ጥርስ ባለው የግንበኛ ማንኪያ በተዘረጋ ማጣበቂያ ተነጠፈ፤ በየመሐሉ አንዳንዱ እየተነሣ ጀርባው ሙሉ በሙሉ መያዙ ታየ። የድሮው ሴራሚክ ገበያ ላይ ስላልተገኘ በታችኞቹ ረድፎች ጠቆር ያለ ቀለም ተመርጧል፤ የቤቱ እመቤት «እንዲያውም አማረበት» ብለዋል። በሴራሚኮቹ መካከል ቦያካ፣ ወለልና ግድግዳ በሚገናኙበትና ግድግዳና ግድግዳ በሚገናኙበት ግን የመታጠቢያ ቤት ሲሊኮን ተሞላ፤ እነዚህ መስመሮች ስለሚንቀሳቀሱ ቦያካ በቅርቡ ይሰነጠቅባቸዋል።

የታችኛው ቤት ጣሪያና ወጪው

ጥገናው ካለቀ በኋላም ጣሪያው ወዲያው አልደረቀም። በሶሌታውና በኤሌክትሪክ ቱቦው ውስጥ የቀረው ውሃ ለተወሰነ ጊዜ መውጣቱን እንደሚቀጥል ለእናትየው ቀድሞ ተነግሯቸው ነበር፤ ይህ ባይነገር ኖሮ የመጀመሪያዋ ጠብታ ክርክሩን እንደ አዲስ ትቀሰቅሰው ነበር። የእርሳሱ መስመር ወደ ውስጥ እየጠበበ ሲሄድ በየጊዜው አዲስ መስመር ተሠመረ። የላላው ልስን ከተነሣና ነጩ ዱቄት በደረቅ ብሩሽ ከተጠረገ በኋላ፣ ቀለሙ የተቀባው ጣሪያው ሙሉ በሙሉ ሲደርቅ ነው። የመብራቱን ማቀፊያና ገመዱን ኤሌክትሪሻን ቀይሮ ከመፈተሹ በፊት ብሬከሩ አልተመለሰም።

በወጪው ላይ ኮሚቴው የተመለከተው የጋራ ሕንፃ ባለቤትነትን የሚመለከተው አዋጅ ቁጥር 370/1995 በግል ቤትና በጋራ መጠቀሚያ መካከል የሚያደርገውን ልዩነት ነው። ሶሌታው ለሁለቱም የሚያገለግል የሕንፃው አካል ቢሆንም ውሃው የገባው ከሴራሚኩ ሥር ካለው የግል ወለል በመሆኑ የላይኛው ቤት የሻወሩንም የታችኛውን ጣሪያም ወጪ እንዲሸፍን፣ ማኅበሩ ደግሞ የምርመራውን ወጪ እንዲከፍል ተስማሙ። አባወራው ያለ ብዙ ክርክር የተቀበሉት ምርመራውን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በዓይናቸው ስለተከታተሉ ይመስለኛል።

አሁን ክትትል የሚያስፈልገው በሁለቱ ግድግዳዎች ላይ የቆዩት የላይኛዎቹ ረድፎች ናቸው። ከሥራቸው መከላከያ ስለሌለ የቦያካው ቀለም ከታጠቡ በኋላ ለረዥም ሰዓት ጠቁሮ ከቆየ፣ ሴራሚኩ ሲመታ ባዶ ድምፅ መስጠት ከጀመረ፣ ወይም ከግድግዳው ማዶ ባለው መኝታ ቤት ልስን ላይ ነጭ ዱቄት ከታየ፣ እነዚያም ተነሥተው ሽፋኑ እስከ 2 ሜትር እንዲቀጥል ለባለቤቱ በጽሑፍ ተሰጥቷል። በታችኞቹ ረድፎች ላይ የተቀባው መከላከያ ከላይ ለሚመጣው ቅጥያ እንዲመች ተደርጎ ተሠርቷል፤ የተረፉት ጥቂት ሴራሚኮችና የመከላከያው ስም የተጻፈበት ከረጢትም በቤቱ ቁም ሣጥን ላይ ተቀምጠዋል።